ምዕራፍ አምስት፦ ዳገት ላይ ሰው ጠፋ

ሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል ከ2200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በፒሬኔ ተራሮች ላይ ያለው፣ የብስክሌት ሰው ሁሉ ስሙን በአክብሮት የሚጠራው የቱርማሌ አናት ደግሞ 2115 ሜትር ነው። ጠዋት እህል ተሸክማ ሰቆጣ ወፍጮ ቤት የምትገባ ልጅ የምትስበው አየር፣ የዓለም ምርጥ ሴት ብስክሌተኞች ቱርማሌ ጫፍ ላይ አፋቸውን ከፍተው ከሚያሳድዱት አየር የሳሳ ነው ማለት ነው። ሌላው ዝነኛ ዳገት አልፕ ዱዌዝማ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ለሰቆጣ ሰው ወደዚያ መሄድ መውረድ ነው።

የዋግ ሰው ስለ ዳገት ትምህርት ከማንም አይበደርም። ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ ቆላ የወረደ ሰው መመለሻው ምን እንደሚመስል ጉልበቱ ይነግረዋል። ስለዚህ ዳገት ያደክማል እያልኩ ወረቀት አላባክንም። እዚህ ላሳይ የምፈልገው ተራራ የሚወጣበት ቀን የብስክሌት ውድድር ብዙ ጊዜ የሚወሰንበትን ቦታ ነው። ቦታው በሁለቱ ዳገቶች መሃል ያለው ሸለቆ ነው፤ ካሜራው ሰልችቶት መልክዓ ምድር የሚያሳይበት፣ ተመልካቹም ቡና ሊያፈላ የሚነሳበት ቦታ። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከአየር ይጀምራል። 55 ኪሎ የምትመዝን ብስክሌተኛ እናስብ፤ ብስክሌቷና የያዘችው ዕቃ 8 ኪሎ ይሁን። ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትበር ከጉልበቷ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። በሌላ ሰው ጀርባ ተጠግታ፣ ጎማ ለጎማ ሊነካካ እስኪደርስ ከነዳች ግን ከዚያ ጉልበት ከሩብ እስከ ሢሶ የሚሆነውን ትቆጥባለች። ብስክሌተኞች እንደ ንብ መንጋ ተጠጋግተው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ፊት ያለችው ትከፍላለች፣ ኋላ ያለችው በነጻ ትሄዳለች፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ።

አሁን ያችኑ ልጅ ስምንት በመቶ ዳገት ላይ እናውጣት፤ መቶ ሜትር ወደ ፊት ስትሄድ ስምንት ሜትር ወደ ላይ ማለት ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ለመውጣት እኔ ባሰላሁት 250 ዋት ገደማ ያስፈልጋታል። ከዚህ ውስጥ 220 ያህሉ የራሷንና የብስክሌቷን ክብደት ወደ ላይ ለመሸከም ብቻ የሚውል ነው። አየሩ የሚወስደው 15 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ከሰው ጀርባ መደበቅ ብዙም አያተርፍም። ጠንካራዋ ትወጣለች፣ የደከመችው ትቀራለች። እስካሁን ሚስጥር የለውም፤ ማንኛዋም እንጨት ለቅማ የተመለሰች የዋግ ሴት ትነግራችኋለች።

ሚስጥሩ የሚመጣው ዳገቱ ሲያልቅ ነው። አንዷ አናቱ ላይ 40 ሰከንድ ቀድማ ደረሰች እንበል። ቁልቁለቱን ወረደች። ከፊቷ 15 ኪሎ ሜትር ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለተኛው ተራራ አለ። እሷ ብቻዋን ነች፤ የአየሩን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ትከፍላለች። ከኋላዋ አራት ሴቶች ተሰባስበው ከመጡና ተራ በተራ ከመሩ፣ እያንዳንዳቸው ነፋሱን የሚጋፈጡት ከጊዜው ሩቡን ነው። 40 ሰከንዱ እንደ ጠዋት ጤዛ ይተናል። ይባስ ብሎ እሷ ሁለተኛውን ዳገት የምትጀምረው ደክማ፣ እነሱ አርፈው። «ዳገት ላይ ሰው ጠፋ» የሚለው አነጋገራችን እዚህ ላይ ትንሽ ማስተካከያ ያስፈልገዋል፦ ሰው የሚጠፋው ሸለቆው ውስጥ ነው፤ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ነው የምናውቀው።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው ቀን ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሰቆጣ ለሻደይ በዓል አራት ቀን ቀርቷት፣ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን የሻደይ ቄጠማ በሚያስቡበት ሰሞን፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሴቶቹ ቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀኑን ያዘ። ከለ ግራን ቦርናን እስከ አልፕ ዱዌዝ 149.9 ኪሎ ሜትር። መሃል ላይ ግላንዶን የሚባል 19.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳገት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 21 ጥምዝ ያለው የአልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር። በጠቅላላ ጊዜ ለምትመራው የሚሰጠውን ቢጫ ማሊያ የለበሰችው ፖላንዳዊቷ ካሲያ ኒየቪያዶማ ነበረች። የዓመት በፊቱ አሸናፊ፣ ሆላንዳዊቷ ዴሚ ቮለሪንግ፣ በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ከኋላዋ ነበረች።

ያ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ከየት መጣ? ከሦስት ቀን በፊት አምኔቪል አቅራቢያ፣ ሊደርሱ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ቢጫውን ማሊያ ለብሳ የነበረችው ራሷ ቮለሪንግ ወደቀች። ተነስታ ስትደርስ 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ከስራ ነበር። የዕለቱን ውድድር ያሸነፈችው ደግሞ የገዛ ቡድኗ ልጅ፣ ሃንጋሪያዊቷ ብላንካ ቫሽ። ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ከመሪዋ ፊት ነፋስ የሚከልሉ ሦስት አራት ሰዎች ወዲያው ቢመለሱ ኖሮ ጉዳቱ ምን ያህል ይቀንስ እንደነበር የብስክሌት ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ክርክር ወገን ለመምረጥ አንቸገርም። በአቴንስ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር ላይ ቀነኒሳና ስለሺ የተጎዳውን ኃይሌን ፍለጋ ወደ ኋላ እየተገላመጡ ሲሮጡ ያየ ሰው ልቡ ከማን ጋር እንደሚሆን ግልጽ ነው። ነገር ግን ፍርዱ ያን ያህል ቀላል አይደለም። ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ወርቁም ብሩም ግን ከኢትዮጵያ አልወጣም። ጥበቃው ዋጋ የሚያስከፍል ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ ነበር የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሳል።

ወደ ግላንዶን እንመለስ። ቮለሪንግ መድረሻው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው አፈትልካ ወጣች። የተከተለቻት አንዲት ብቻ ነች፦ ሌላዋ ሆላንዳዊት ፓውሊና ሮያከርስ። ከኋላ ኒየቪያዶማ ተንገዳገደች፤ ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ በመንገድ ላይ ባለው ስሌት ቢጫው ማሊያ ከእሷ ትከሻ ወርዶ ቮለሪንግ ላይ ያረፈበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ በኋላም የአልፕ ዱዌዝ ግርጌ ድረስ የሚወስደው ሸለቆ መጣ።

እዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሁለቱ ተራ ቢለዋወጡ ልዩነቱ ይሰፋል። ሮያከርስ ግን ለመምራት እምቢ አለች። ለምን እንደሆነ ለመረዳት በእሷ ቦታ መቀመጥ ነው፦ ጠቅላላ ጊዜዋ ከቮለሪንግ ጋር የተቀራረበ ነበር፤ ፊት ሆና የምታወጣው እያንዳንዱ ዋት ተቀናቃኟን ወደ ድል የሚገፋ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ቮለሪንግ እንደምትጥላት ትፈራለች። እኔ አልፈርድባትም። በሰው ሠርግ የራስን በሬ አያርዱም።

ከኋላስ? ኒየቪያዶማ ሸለቆው ውስጥ ብቻዋን አልነበረችም። ሉሲንዳ ብራንድ የምትባል ብርቱ ሴት ለሌላ ቡድን መሪ፣ ለጣሊያናዊቷ ጋያ ሬያሊኒ ስትል ነፋሱን እየቆረጠች ትነዳ ነበር። ለኒየቪያዶማ ብላ አይደለም፤ መንገዳቸው ስለገጠመ ብቻ ነው። በብስክሌት እንዲህ ያለ የሰዓታት ወዳጅነት ብዙ ነው፤ ሳይነጋገሩ ይስማማሉ፣ ዳገቱ ሲጀምር ሳይሰናበቱ ይለያያሉ።

አልፕ ዱዌዝ ላይ ቮለሪንግ ሮያከርስን ይዛ ወጥታ አሸነፈች። ኒየቪያዶማ አራተኛ ሆና በ1 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ደረሰች። ለአሸናፊዋ 10 ሰከንድ ጉርሻ ይሰጣል። አሁን ሒሳቡን አስቡት፦ 75 ሰከንድ ነበር፤ 61 ተቀነሰ፣ 10 ተቀነሰ። የቀረው 4። ኒየቪያዶማ ከሰባት ቀን ውድድር በኋላ ቱር ደ ፍራንስን በአራት ሰከንድ አሸነፈች። ሮያከርስም በጠቅላላ ውጤት ሦስተኛ ሆና መድረክ ላይ ወጣች፤ ከአንደኛዋ በ10 ሰከንድ ብቻ ተበልጣ። ያንን ሸለቆ አብራ ብትሠራ ኖሮ ምናልባት ሁለተኛ ትሆን ነበር። ምናልባትም ዳገቱ ላይ ቀርታ አምስተኛ።

ከዚህ በፊት በነበረው ዓመት ቮለሪንግ ራሷ በተቃራኒው ወገን ነበረች። በ2023 የቱርማሌው ቀን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ መጀመሪያ አስፓን የሚባል ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ከዚያ ቱርማሌ። አስፓን ላይ ሦስት ሴቶች ተነጥለው ወጡ፦ ቮለሪንግ፣ ኒየቪያዶማና የዘመኑ ንግሥት አነሚክ ፋን ፍሉተን። ሦስቱ ተባብረው ቢነዱ ውድድሩ እዚያው የእነሱ ነበር። ፋን ፍሉተን ረዳት አልነበራትም፤ ሸለቆው ውስጥ ሰው ሳይደርስ መሄድ ነበረባት። ቮለሪንግ ግን ከኋላ የሚመጡ የቡድን ጓደኞች ነበሯት፤ ለምን ትቸኩል? ተያይተው ቀሩ። ኒየቪያዶማ ሲተያዩ ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ጥላቸው ሄደች፣ የተቀሩትም ከኋላ ደረሱ። ቮለሪንግ በራሷ ሰዎች ተከልላ፣ አርፋ፣ የቱርማሌ ጭጋግ ውስጥ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ተነሳች። ኒየቪያዶማን በ1 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፣ ፋን ፍሉተንን በ2 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ በለጠቻቸው። ሰው የሚያየው የመጨረሻውን አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ግን ያ ድል የተገዛው አስፓን ሥር ባለመቸኮል ነው እላለሁ።

ታዲያ ብቻውን የሄደ ሁሉ ይሸነፋል? አይደለም፤ ፋን ፍሉተን ራሷ ምስክር ነች። በ2022፣ ሴቶቹ ከብዙ ዓመት በኋላ የራሳቸውን ቱር መልሰው ባገኙበት ክረምት (የፊተኛው ከ1984 እስከ 1989 ተካሂዶ ቀርቶ ነበር)፣ በቮዥ ተራሮች በኩል ወደ ለ ማርክስታይን የሚሄድ የ127 ኪሎ ሜትር ቀን ነበር። ሦስት ትልልቅ ዳገቶች። ፋን ፍሉተን የ39 ዓመት ሴት ነበረች፤ የውድድሩን የመጀመሪያ ቀናት ሆዷን ታማ ነው ያሳለፈችው። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀር በመጀመሪያው ዳገት ተነሳች። የተከተለቻት ቮለሪንግ ብቻ ነበረች፤ ሁለተኛው ዳገት ላይ እሷም ቀረች። ልዩነቱ መድረሻው ላይ 3 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነበር።

እንዴት ቻለች? አንደኛው መልስ በጣም ጠንካራ ስለነበረች የሚለው ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ሌላው መልስ ሸለቆዎቹ አጫጭር መሆናቸው፣ ከኋላ ያሉትም መሪዎች በመጀመሪያው ዳገት ረዳቶቻቸውን ጨርሰው መውጣታቸው ነው። የሴቶቹ ውድድር ከወንዶቹ የሚለይበት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በ2024 የወንዶቹ ቡድን ስምንት ሰው ይዞ ሲገባ የሴቶቹ ሰባት ነበር። በብዙ ቡድን ውስጥ ደግሞ ከመሪዋ ጋር ረጅም ዳገት አብረው የሚወጡ ረዳቶች አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ወንዶቹ ዘንድ አንድ ሀብታም ቡድን አራት ተራራ ወጪዎችን አሰልፎ ፍጥነቱን እንደ ሰንሰለት ይዞ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ እስከ መጨረሻው ዳገት ሊያደርስ ይችላል። ሴቶቹ ዘንድ ሰንሰለቱ ቶሎ ይበጠሳል። መሪዎች ቶሎ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ብቻቸውን የቀሩ መሪዎች ደግሞ ይተያያሉ። ለተመልካች የሴቶቹ የተራራ ቀን ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ይህን የምለው ከወንዶቹ ወዳጆች ጋር መጣላት እንደሚያስከትል እያወቅሁ ነው።

ስለዚህ ብልህ ቡድን ምን ያደርጋል? ሰውን አስቀድሞ ይልካል። ጠዋት፣ ማንም ግድ ሳይሰጠው፣ ከቀደሙት ጋር አንዲት ረዳት ትወጣለች። የምትወጣው ለማሸነፍ አይደለም፤ ቆይታ ለመገኘት ነው። በ2025 የማድሌን ዳገት ላይ ፈረንሳያዊቷ ፖሊን ፌራን-ፕሬቮ ከተቀናቃኞቿ ስትነጠል፣ የቡድኗ ልጅ ማሪዮን ቡኔል ከፊት ትጠብቃት ነበር። ደረሰችባት፣ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈች፣ ትንፋሽ ሰበሰበች፣ ከዚያ ብቻዋን ቀጠለች። ያን ቀን ቢጫውን ማሊያ ወሰደች፣ በማግስቱም ቱሩን አሸነፈች። ዳገት ላይ የሰው ጀርባ ብዙ አያተርፍም ብዬ ነበር፤ ከጉልበት አንጻር ልክ ነው። ነገር ግን ፍጥነቱን ሌላ ሰው ሲይዝልህ፣ አንተ ማሰብ ትተህ የኋላ ጎማውን ብቻ ስታይ፣ የሚቆጠበው ነገር በዋት አይለካም።

ቁልቁለቱም የራሱ ሒሳብ አለው። አውስትራሊያዊቷ ሳራ ጂጋንቴ ማድሌን ላይ ሁለተኛ ሆና ጨርሳ፣ በጠቅላላውም ሁለተኛ ሆና አደረች። በማግስቱ ከዡ ፕላን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይዙ የሚወርዱት ጥለዋት ሄዱ፤ ሸለቆው ውስጥ ስታሳድድ ዋለች፣ መድረኩንም አጣች። ወደ ላይ ያገኘችውን ወደ ታች መለሰች።

ምግብም አለ። በቅሎ የሚያውቅ ሰው ዳገት ሥር ደርሶ ገብስ አያቀርብም። ብስክሌተኞቹም በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ስኳርና ስታርች በፈሳሽም በጠጣርም እየዋጡ የሚሄዱት ሸለቆው ውስጥ ነው፤ ዳገቱ ከጀመረ አፍ ለመተንፈስ እንጂ ለማኘክ ጊዜ የለውም። ብቻዋን የምታሳድድ ሴት መብላት ትረሳለች፤ የተከለለችው ትበላለች።

በመስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ ሲካሄድ፣ ኪጋሊም ይህንኑ ታሪክ በሌላ መልክ አየች። ሴቶቹ 164.6 ኪሎ ሜትር፣ አንድም ረጅም ተራራ የሌለበት፣ ግን ጉብታው የማያልቅ ዙር ነዱ። በዓለም ሻምፒዮና የጆሮ ሬዲዮ አይፈቀድም፤ ከመኪና ሆኖ «አሁን ተነሺ» የሚል አለቃ የለም። እነ ቮለሪንግና ፌራን-ፕሬቮ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ካናዳዊቷ ማግደሌን ቫሊየር ከቀደሙት ጋር ወጣች፣ በመጨረሻዎቹ ጉብታዎች ላይ ደግሞ እነሱንም ጥላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ታላላቆቹ ያልደከሙ ይመስለኛል። ማን ቀድሞ ይከፍላል በሚለው ላይ አልተስማሙም።

ረዳት ማጣት በእኛም ሰው ላይ ደርሷል፤ ያውም ከዚህ ሁሉ በከፋ መልኩ። የትግራይ ተወላጇ እየሩ ተስፎአም ገብሩ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። የሴቶቹ የጎዳና ውድድር 158 ኪሎ ሜትር ነበር። ትልልቆቹ አገሮች አራት አራት ሴት አሰልፈው ገቡ፤ አንዷ ውሃ ታመጣለች፣ አንዷ ነፋስ ትቆርጣለች፣ አንዷ ታሳድዳለች፣ አንዷ ትቆጥባለች። እየሩ አራቱንም ራሷ ነበረች።

መንገድ መሳል ለሚወድ ሰው ዋግ አካባቢ ለአንድ የተራራ ቀን የሚሆን መንገድ ያለ ይመስለኛል። አላማጣ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከዚያ ግራካሕሱን ጥምዝ በጥምዝ እየቆጠሩ ኮረም፣ 2500 ሜትር ገደማ። አንድ ሺህ ሜትር መውጣት ነው፤ ከአልፕ ዱዌዝ የማይተናነስ፣ የሚያበቃው ግን ቱርማሌ በማይደርስበት ከፍታ ላይ። ከኮረም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ጥራሬ ሸለቆ መውረድ፣ ከሸለቆው ደግሞ ወደ ሰቆጣ መውጣት።

እዚህ መንገድ ላይ ግራካሕሱ ላይ የተነሳች ሴት ታሳዝነኛለች። ኮረም ላይ ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ከአቅም በላይ የተተነፈሰ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። አርባ ሰከንድ ይዛ ትወርዳለች፣ ሸለቆው ውስጥ ትቀልጣለች፣ የሰቆጣን ዳገት የምትጀምረው በባዶ ሆድ ነው። እኔ አሠልጣኝ ብሆን ጠዋት አላማጣ ላይ፣ ገና ሰው እጁን እያሟሟቀ ሳለ፣ ከቡድኑ ውስጥ ስሟን ማንም የማይጠራትን ልጅ አስቀድሜ እሰዳታለሁ። ኮረምን ቀስ ብላ ትሻገር፤ ማንም አያሳድዳትም። መሪዬ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን ስትጨርስ ያቺ ልጅ ጥራሬ ዳር፣ ቆላው ሙቀት ውስጥ፣ በዝግታ እየረገጠች፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዛ፣ ወደ ኋላ እየተገላመጠች ትገኛለች።